ጎረቤት በቀጠሮ

ለእረፍት ደሴ በመጣሁ ቁጥር ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ጀርመን ብርድ ነው። ብርዱስ ይለመዳል። እኔን የከበደኝ የጎረቤት ነገር ነው።

ፍራንክፈርት የምኖርበት ሕንፃ በር ላይ የየቤቱ ደወል ከነስሙ ተደርድሯል። የሁሉንም ስም አውቃለሁ፤ ጓዳቸውን ግን አላውቅም። ደረጃ ላይ ስንተላለፍ "ሃሎ" እንባባላለን፣ በቃ። ልጆቹስ፣ እናትሽስ፣ ያ የታመመው ወንድምሽስ የሚል የለም። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ጸጥታ ነው። እሁድ ደግሞ ይብሳል። ሱቅ ይዘጋል፣ ግድግዳ አይበሳም፣ ባዶ ጠርሙስ እንኳ ማጠራቀሚያው ውስጥ አይጣልም። ድምፁ ይረብሻል።

የሰፈሬ ሰው ይሄን ሲሰማ "ሰው አይወዱም ማለት ነው" ይላል። እኔ አልስማማም።

አንድ ቀን ከጎኔ የሚኖሩትን ሴትዮ "ቡና ይጠጡ" አልኳቸው። ማስታወሻቸውን አውጥተው ገለጡና የዛሬ ሁለት ሳምንት ማክሰኞ ይሻላል አሉኝ። ደነገጥኩ። እኛ ሰፈር ሙቀጫው ሲሰማ ነው ሰው የሚመጣው፤ የቀረ ካለ ልጅ ይላክበታል። ማክሰኞ ግን ደቂቃ ሳያሳልፉ አበባ ይዘው ደወሉ። የጭስ ደወሉ እንዳይጮህ መስኮት ከፍቼ ቆላሁ። አቦል ጠጡ፣ ቶና ጠጡ። ሊነሱ ሲሉ በረካው ይቀራል አልኳቸው፤ ተመልሰው ተቀመጡ። ከዚያማ ወሬው መቼ ያልቃል! እስኪመሽ አወራን።

ስለ ቅሬ፣ ስለ ወሎ እድራችን፣ የነገርኳቸው ያኔ ነው። ሰው ሲሞት ሙስሊም ክርስቲያን ሳይባል አባሉ ሁሉ እንደሚወጣ፣ መቃብር እንደሚቆፍር፣ ሐዘንተኛው ጋ እንደሚቀመጥ። ሳይመጣ የቀረ ደግሞ እንደሚቀጣ። "ይቀጣል?" አሉ ዓይናቸውን አፍጥጠው። አዎ፣ ይቀጣል። እኛ ራሳችን ይሄን እንዘነጋዋለን። የወሎ መተሳሰብ ደግነት ብቻ አይደለም። ደንብ አለው፣ መዋጮ አለው፣ ቅጣት አለው።

የእነሱም ደንብ አለው፤ የያዘው ግን መንግሥት ነው። የሠራተኛውን የጤና መድኅን በሕግ የደነገጉት በመራሔ መንግሥታቸው በቢስማርክ ዘመን፣ በፈረንጆቹ 1883 ነው። አቅሙ የደከመ ሰው የሚጦርበት መድኅን ደግሞ በ1995 ተጨመረ። የሴትዮዋ እናት መጦሪያ ቤት ናቸው፤ ከወጪው ከፊሉን የሚሸፍነው እሱ ነው። በየወሩ ከደሞዝ ይቆረጣል፤ አልከፍልም ማለት አይቻልም። ስለዚህ ጎረቤቴ ቢታመም ማን ያሳክመዋል ብሎ የሚጨነቅ የለም። ሸክሙ ከትከሻ ወርዷል። የመምጫው ሰበብም አብሮ ወርዷል።

ይሄ በደንብ የገባኝ ጓደኛዬ ስትወልድ ነው። አዋላጇ ቤቷ ድረስ ትመጣለች፣ የሚከፍለው መድኅኑ ነው። እስከ 12 ሳምንት ድረስ ይሄ መብቷ ነው። ሕፃኑን ትመዝናለች፣ እትብቱን ታያለች፣ ጡት አያያዝ ታሳያለች። ገጠር ያለች የኛ አራስ ይሄን ብታገኝ እንዴት ደስ ባለኝ! እናቶቻችን ስንቱን ችለው ነው የወለዱን። ግን አዋላጇ ስትወጣ በሩ ይዘጋል። ገንፎ የሚያገነፋ የለም፣ እልል የሚል የለም፣ "ማርያም ማረችሽ" የሚል ወይም ዱዓ የሚያደርግ ሽማግሌ የለም። ጓደኛዬ በሦስተኛው ቀን ደውላ አለቀሰች። ልጁም እሷም ደህና ናቸው። "ሰው ናፈቀኝ" ነው ያለችው።

ከዚያ ወዲህ እዚያ ያለን የወሎ ልጆች ተሰብስበን መላ ፈጠርን። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አለበት። ሬሳ አገር ቤት ለመላክ በየወሩ እናዋጣለን፤ እዚያ መቃብር ለተወሰነ ዓመት የሚከራይ መሆኑ ብዙዎቻችንን ያስጨንቀናል። ሁላችንም ፈረቃ ስለምንሠራ አራስና ታማሚ የምንጠይቀው በተራ ነው። ተራው የደረሰው ቀኑን ስልኩ ላይ ይመዘግባል። የቀረ 10 ዩሮ ይቀጣል። ቀጠሮውን ከእነሱ፣ ቅጣቱን ከቅሬ ወሰድን።

እኔ እንደተመለስኩ ተረኛ ነኝ፤ ሌላ አራስ አለችን። እናቴ የገብስ ዱቄቱን ከአሁኑ እያስፈጨችልኝ ነው።