ክራር ይዞ ቅኝት ፍለጋ

መቃኘት የሚለው ቃል ሁለት ሥራ አለው። ክራርም ይቃኛል፣ አገርም ይቃኛል። እኔ ለዓመታት የማውቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነበር። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። ከአራቱ ቅኝቶቻችን ሁለቱ በወሎ ቦታዎች ስም እንደሚጠሩ እያወቅኩ አንዱንም ረግጬው አላውቅም።

በአምባሰል የጀመርኩት አንድ ዘፈን ነበረኝ። ወራት ፈጀ፤ አላልቅ አለ። ግጥሙ ተራራ ተራራ ይላል፣ የተጻፈው ግን ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። በጥቅምት አንድ ማለዳ ክራሬን በነጠላ ጠቅልዬ የደሴ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብዙ አላወራበትም፤ ግማሹን ተኝቻለሁ። የነቃሁት ከኮምቦልቻ በኋላ፣ ሐረጎ ዳገት ላይ ነው። በየኩርባው ክሮቹ ጉልበቴን እየነኩ ድምፅ ያወጣሉ። ከጎኔ ያሉት እናት ጥቅሉን አዩና «ልጄ፣ ይሄ ነገር ይናገራል እንዴ?» አሉኝ።

በማግስቱ ሐይቅን አልፌ ውጫሌ ገባሁ፤ የአምባሰል ወረዳ ከተማ ናት። የ1881ዱ ውል የተፈረመባት ውጫሌ ይህችው ናት። እኔ ግን ለአንቀጽ 17 አልነበረም የመጣሁት። ከከተማው ወጣ ብዬ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ አንድ ድንጋይ መርጬ ተቀመጥኩ።

ክራሬ በሜጀር ትዝታ ተቃኝቶ ነበር። ወደ አምባሰል ለመውሰድ ሁሉም ክር አይነካም። ከአምስቱ ድምፆች ሁለተኛውና አምስተኛው በግማሽ ድምፅ፣ በትንሿ እርምጃ፣ ይላላሉ፣ ሦስተኛው በግማሽ ይጠብቃል። ቤት ውስጥ ደቂቃ አይፈጅብኝም። እዚያ ግን ንፋሱ ጆሮዬን እየወሰደው ሦስቴ ደጋገምኩት።

ዘፈንኩ። በቅሎ የሚጎትቱ አንድ ሽማግሌ ቆም ብለው ሰሙኝና «ምነው፣ የሚያባርርህ አለ እንዴ?» አሉ።

«ኧረ የለም አባባ።»

«አብሽር እንግዲህ» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ትንሽ ቆይቶ ከበላዬ አንድ እረኛ ማዶ ያለ ጓደኛውን ተጣራ። ስሙን አልያዝኩትም፤ የሰማሁት መጨረሻው ላይ የጎተተውን ነው። ተጣራና ዝም አለ። ገደሉ ድምፁን መልሶ እስኪሰጠው፣ ማዶ ያለው ሰምቶ እስኪመልስ ድረስ አንድ ቃል አይጨምርም። ቢጨምር የራሱ ድምፅ ራሱ ላይ ይወድቃል። ቆጠርኩ። ሰባት ላይ መልሱ መጣ። በሰባት ቁጥር ውስጥ እኔ ሁለት ስንኝ እጨርሳለሁ።

እዚያው ድንጋዩ ላይ ከግጥሙ ግማሹን ሰረዝኩ። በጣም የምወዳት አንዲት ስንኝም አብራ ሄደች። አሁንም ትቆጨኛለች።

ሰኞ ባቲ ወረድኩ፤ የገበያው ቀን ነው። አፋሩ ከነግመሉ፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ሁሉም እዚያ ነው። ከአምባሰል ሁለተኛውና አምስተኛው ድምፅ በሙሉ ድምፅ ሲጠብቁ ማይነር ባቲ ይወጣል። ጥግ ይዤ አጠበቅኩ። ማን ሊሰማኝ! የዋጋ ክርክር፣ የፍየል ጩኸት፣ «ዞር በል» የሚል ባለ አህያ። ዘፈኔን እንደ እረኛው ቆም እያልኩ ሞከርኩት። ቆም ባልኩ ቁጥር የሌላ ሰው ድምፅ ገባበት።

ገደሉ አምባሰልን ወለደ፣ ገበያው ባቲን ወለደ ልል ዳድቶኝ ነበር። ደስ የሚል ወሬ ነው። ግን አምባሰልን በዓይናቸው ሳያዩ አሳምረው የሚጫወቱት ስንትና ስንት ናቸው! ተራራ ግማሽ ድምፅ አያስተምርም። እኔ ከዚያ ድንጋይ ይዤ የተመለስኩት ያቺኑ ሰባት ቁጥር ነው።

አዲስ አበባ ስገባ ዘፈኑን ለጓደኛዬ ተጫወትኩለት። ከመጀመሪያው ስንኝ በኋላ ቆምኩ። አፍጥጦ አየኝ።

«ግጥሙ ጠፋብህ እንዴ?»

ስድስት ላይ ነበርኩ። ቆጠራው ተበላሸብኝ፤ ከመጀመሪያው ጀመርኩለት።