ባክአፕ ከመግዛታችሁ በፊት ስለ መመለሻው ጠይቁ

የድርጅቶችን ሰርቨር መንከባከብ ሥራዬ ነው። ብዙ ጊዜ የሚቀርብልኝ ጥያቄ «የቱ ባክአፕ ይሻላል?» የሚል ነው፤ ባክአፕ ማለት ዳታ ቢጠፋ የሚመለስበት መጠባበቂያ ቅጂ ነው። እኔ ደግሞ ሁለት ጥያቄ መልሼ አነሳለሁ። ሰርቨራችሁ አሁን ድንገት ቢጠፋ የስንት ሰዓት ሥራ ቢቀርባችሁ ትችሉታላችሁ? ሥራችሁስ ስንት ሰዓት ቢቆም ትቋቋሙታላችሁ?

በሙያው የመጀመሪያው አርፒኦ፣ ሁለተኛው አርቲኦ ይባላል። ስሙን ብትረሱት ግድ የለም። መልሱ ግን ከእናንተ እንጂ ከሻጭ ሊመጣ አይችልም። አንዲት የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ይህን ስጠይቃት ትንሽ አሰበችና «የደሞዝ ሰሞን ከሆነ አንድ ሰዓትም አልችል። በሌላ ጊዜ ሁለት ቀንም እታገሣለሁ» አለችኝ። እስካሁን ከሰማኋቸው መልሶች ይህን የሚያህል የለም። አንድ ድርጅት ውስጥ ያለ ዳታ ሁሉ እኩል አይደለም። ዛሬ ክፍያ የሚመዘገብበት ዳታቤዝና ለዓመታት ያልተከፈተ የውል ማህደር አንድ ዓይነት ጥበቃ ከተገዛላቸው፣ ወይ ለማህደሩ ብዙ ወጥቷል፣ ወይ ለዳታቤዙ ጥቂት።

ከዚያ ወደ መመለሻ ፍጥነት እሄዳለሁ። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ክላውድ (በኢንተርኔት የሚከራዩት ማከማቻ) ላይ 10 ቴራባይት ባክአፕ አላችሁ እንበል። የኢንተርኔት መስመራችሁ በሰከንድ 100 ሜጋቢት ነው። መስመሩ ሳይቆራረጥ፣ ማንም ሳይሻማበት፣ ሙሉ ፍጥነቱን ቢሰጣችሁ እንኳ ዳታውን ለማውረድ ከ9 ቀን በላይ ይፈጃል። ያው ዳታ ቢሮ ውስጥ ባለ ማከማቻ ላይ ቢሆንና በ1 ጊጋቢት ኔትወርክ ቢመለስ፣ ዲስኮቹ እስካልዘገዩ ድረስ፣ አንድ ቀን አይሞላም። ለዚህ ነው «ክላውድ ብቻ ይበቃናል» ለሚሉኝ ቶሎ እሺ የማልለው።

አንዳንዶች ርካሽነቱን አይተው የአማዞን ክላውድ ማከማቻ የሆነውን ግላሲየር ዲፕ አርካይቭን ይመርጣሉ። ለዓመታት ለሚቀመጥ ሰነድ በጣም ጥሩ ነው። ነገር ግን እዚያ ያለ ፋይል በተለመደው መንገድ ለመውረድ ዝግጁ እስኪሆን እስከ 12 ሰዓት፣ በርካሹ መንገድ ደግሞ እስከ 48 ሰዓት ይወስዳል። የማውረጃው ጊዜ ገና አልተቆጠረም።

ቢሮ ውስጥ ያለው ቅጂ ፈጣን ነው። ችግሩ እሳት ሲነሳ ከሰርቨሩ ጋር አብሮ መቃጠሉ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2021 ፈረንሳይ ስትራስቡርግ ውስጥ ኦቪኤች የተባለው የክላውድ ኩባንያ የዳታ ማዕከል ተቃጥሎ አንዱ ሕንፃ ሙሉ በሙሉ ወደመ። ባክአፓቸው እዚያው ግቢ የነበረ ደንበኞች ዋናውንም ቅጂውንም በአንድ ሌሊት አጡ። 3-2-1 የሚባለው የቆየ ደንብ የሚጠብቀን ከዚህ ነው። 3 ቅጂ፣ በ2 ዓይነት ማከማቻ፣ 1ዱ ከግቢ ውጭ።

እኔ ደንቡ ላይ አንድ ነገር እጨምራለሁ። አካውንትም እንደ ሕንፃ መቆጠር አለበት። እ.ኤ.አ. በ2014 ኮድ ስፔስስ የሚባል ኩባንያ የአማዞን መቆጣጠሪያ ገጹ በሰርጎ ገብ እጅ ወደቀ። ሰውዬው አብዛኛውን ዳታና ባክአፕ አጠፋው፤ ሁሉም በአንድ አካውንት ሥር ነበርና። ኩባንያው ተዘጋ። በ2024 ደግሞ የአውስትራሊያው የጡረታ ፈንድ ዩኒሱፐር ጉግል ክላውድ ላይ የነበረው አገልግሎቱ በአወቃቀር ስህተት ተሰረዘ።  ለመመለስ ከረዷቸው ነገሮች አንዱ ሌላ አቅራቢ ዘንድ ያስቀመጡት ባክአፕ ነው። ስለዚህ ዋናው ሲስተም አንድ አቅራቢ ጋ ከሆነ ቢያንስ አንዱ ቅጂ ሌላ አቅራቢ ጋ፣ በሌላ የይለፍ ቃል፣ በሌላ ሰው ኃላፊነት ይቀመጥ እላለሁ።

ብዙ ሰው ባክአፕን ከሬፕሊኬሽን ጋር ያምታታል። ሬፕሊኬሽን ዳታውን ወዲያው ወዲያው ወደ ሁለተኛ ሰርቨር ይገለብጣል። ሰርቨር ሲሞት ያድናል። ሰው ሲሳሳት ግን ስህተቱንም ይገለብጠዋል። የፕሮግራም ኮድ ማስቀመጫ አገልግሎት የሚሰጠው ጊትላብ እ.ኤ.አ. በ2017 የደረሰበትን በግልጽ ስለጻፈው ሁሉም የአይቲ ባለሙያ ቢያነበው ደስ ይለኛል። መሐንዲሱ በሁለተኛው ሰርቨር ላይ ያለ መስሎት የዋናውን የዳታቤዝ ፎልደር ሰረዘ። በየቀኑ ይወሰዳል የተባለው ባክአፕ ሲፈለግ የለም። ፕሮግራሙ ከዳታቤዙ ቨርዥን ጋር ስላልተስማማ ሥራው ሲከሽፍ ቆይቷል። መክሸፉን የሚናገሩት ኢሜይሎች ደግሞ ሳይደርሱ ቀርተዋል። ያተረፋቸው አንድ ባልደረባ ለሌላ ሥራ ብሎ ከ6 ሰዓት ገደማ በፊት በእጁ የወሰደው ስናፕሾት (ዳታው በዚያች ቅጽበት የነበረበት ቅጂ) ነው። እሱንም መልሶ ለመገልበጥ 18 ሰዓት ያህል ፈጀ፤ የተቀመጠበት ዲስክ ቀርፋፋ ነበር።

ራንሰምዌር (ዳታን ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ) ደግሞ ባክአፕን ፈልጎ ያጠቃል። ከኔትወርኩ ጋር ሁልጊዜ የተገናኘ ማከማቻ ካላችሁ የመጀመሪያ ኢላማው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ኖትፔትያ የተባለው ቫይረስ የመርከብ ኩባንያውን ሜርስክ ሲመታ፣ የዶሜይን ኮንትሮለሮቹ (ማን ወደ ኔትወርኩ እንደሚገባ የሚወስኑት ሰርቨሮች) እርስ በርስ ቅጂ ሆነው የሚጠባበቁ ስለነበሩ ሁሉም አብረው ጠፉ። የተረፈው ጋና ያለው አንዱ ብቻ ነው፤ መብራት ጠፍቶ ከኔትወርክ ውጭ ስለነበረ። ሌላው ድርጅት የመብራት መጥፋትን መጠበቅ የለበትም። ለተወሰነ ቀን ማንም፣ አስተዳዳሪውም ጭምር፣ ሊሰርዘው የማይችል የተቆለፈ ማከማቻ አለ። ቴፕም (ዳታ የሚቀረጽበት ማግኔታዊ ክር) አለ። ቴፕ ዘመን ያለፈበት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ እኔ ግን አከብረዋለሁ። አንድ ኤልቲኦ-9 ካርትሪጅ ሳይጨመቅ 18 ቴራባይት ይይዛል፤ ከማጫወቻው ወጥቶ ካዝና ውስጥ ከገባ በኋላ ደግሞ የትኛውም ቫይረስ አይደርስበትም።

ስለ ምርቶቹ በአጭሩ ልናገር። ቨርቹዋል ማሽን (በአንድ ሰርቨር ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ ኮምፒውተር) የሚበዛበት ድርጅት ቪም የሚባለውን የባክአፕ ፕሮግራም ቢያይ ጥሩ ነው፤ ማሽኑን ከባክአፑ ፋይል ላይ በቀጥታ ማስነሳት ይችላል። ለቨርቹዋል ማሽኖች ማስተዳደሪያ ፕሮክስሞክስን የምትጠቀሙ ከሆነ የራሱ ባክአፕ ሰርቨር አለው፤ ነጻ ነው፤ የተደጋገመ ዳታም ሁለት ጊዜ አያስቀምጥም። ሊኑክስ የሚያውቅ ጠንካራ ሰው ካላችሁ ሬስቲክና ቦርግ የሚባሉት የባክአፕ ፕሮግራሞች በቂ ናቸው። ያ ሰው ሥራ ሲለቅ የሚተካው ከሌለ ግን አልመክርም። ከጥቂት ሰከንዶች በላይ ሥራ ማጣት ለማይችሉ ዜርቶን የመሰሉ ፕሮግራሞች አሉ፤ እያንዳንዱን ለውጥ እየመዘገቡ ወደፈለጋችሁት ደቂቃ ይመልሷችኋል። ዋጋቸው ግን ከበድ ይላል፤ ለደሞዙ ዳታቤዝ እንጂ ለማህደሩ አይሆኑም። ማይክሮሶፍት 365 ላይ ያለ ፋይል በራሱ ባክአፕ አለው ብላችሁ አትቀመጡ። ከሼርፖይንት (የማይክሮሶፍት 365 የፋይል ማጋሪያ) የተሰረዘ ፋይል በሪሳይክል ቢን ውስጥ የሚቆየው 93 ቀን ነው።

ከሻጩ ጋር ስትቀመጡ በስላይድ አትርኩ። የራሳችሁን ትልቁን ዳታቤዝ ባዶ ማሽን ላይ እንዲመልስላችሁ ጠይቁ፤ ሰዓት ይዛችሁ። ሲመለስም የአይቲው ሰው ሳይሆን በየቀኑ የሚሠራበት ሰው ይክፈተው። እንዲህ ያለ ሙከራ ላይ ያየሁትን አልረሳውም። ዳታቤዙ ተመለሰ፤ የደንበኞች ዝርዝር ወጣ፤ ሁላችንም ተደሰትን። አንዲት የመዝገብ ሠራተኛ አንድ ውል ልትከፍት ሞከረች፤ እምቢ አለ። ሁለተኛም እምቢ አለ። ስካን የተደረጉት ውሎች ለብቻ ሌላ ዲስክ ላይ ነበሩ፤ ያ ዲስክ ባክአፕ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። የባክአፑ ሪፖርት ግን ለወራት «ተሳክቷል» ሲል ነበር።

ባክአፑ የተመሰጠረ ከሆነ የማመስጠሪያ ቁልፉንም (የሚከፍተውን የይለፍ ቃል) በዚያው ሙከራ ላይ ፈትሹት። ሬስቲክን በመሰሉ ፕሮግራሞች የይለፍ ቃሉ ከጠፋ ዳታው ጠፋ ማለት ነው፤ ሌላ መክፈቻ የለም። ቁልፉ የተጻፈው ደግሞ ብዙ ጊዜ እዚያው ሰርቨር ላይ ባለ ፋይል ውስጥ ነው። እኔ በወረቀት አትሜ፣ በፖስታ አሽጌ፣ አንዱን ለሥራ አስኪያጁ፣ ሌላውን ከግቢ ውጭ ላለ ካዝና እሰጣለሁ። ሙከራውንም ከዚያ ፖስታ በወጣ ቁልፍ እጀምራለሁ።