የኑረምበርግ ብስኩት በቅዳሜ ገበያ

ጀርመን የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ለገና አንድ ቆርቆሮ ሌብኩኸን ልካልናለች፤ የጀርመኗ ከተማ የኑረምበርግ የገና ብስኩት ነው። ዛሬ ቅዳሜ ገበያ ቅመም ልገዛ ስወጣ ለደንበኛዬ አንዱን ይዤላቸው ሄድሁ። እትዬ ከመቅመሳቸው በፊት ቆርሰው አሸተቱት። «ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ሄል... ማርም አለበት ልጄ!» አንዱንም አልሳቱም። ከዚያ ገለበጡትና ከሥሩ የተለጠፈችውን ነጭ ስስ ቂጣ በጥፍራቸው ጫፍ ነካ አደረጓት። «ይህቺስ?»

የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ለቁርባን የምታዘጋጀው ዓይነት ስስ ቂጣ ናት፤ ሊጡ ከመጋገሪያው እንዳይጣበቅ ከሥር ትነጠፋለች። ይህን ስነግራቸው ቁራሹን በሁለት እጃቸው ያዙት።

ኑረምበርግ ማሩን ያገኘችው በዙሪያዋ ካለው ጫካ ንብ አናቢዎች ነው፤ ቅመሙ ደግሞ በቬኒስ በኩል ከምሥራቅ ይመጣላት ነበር። ጋጋሪዎቿ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1643 የራሳቸውን የሙያ ማኅበር መሠረቱ። ያኔ እዚህ ዐፄ ፋሲል ነግሠዋል፤ ጎንደርም ከተቆረቆረች ገና ጥቂት ዓመታት ናቸው። ለእኛም ቀረፋውና ቅርንፉዱ ባሕር ተሻግሮ፣ በምጽዋ በኩል በነጋዴ ጭነት ነበር የሚደርሰው።

የእነርሱ ጋጋሪዎች በመዝገብ ሰፍረዋል። ስለ እኛ የድፎ ዳቦ ባለሙያ እናቶች ግን የተጻፈው እጅግ ጥቂት ነው፤ ይህ ያንገበግበኛል። እናታችሁ ወይም አያታችሁ አጠገባችሁ ካሉ፣ በበዓል ዳቦ ሊጥ ውስጥ ምን እንደሚጨምሩና ከማን እንደተማሩት ጠይቃችሁ እባካችሁ ከታች ጻፉልኝ።