ዝም ብሎ ማጉረስ

እዚህ ሜሪላንድ ሃይስኩል ለመጨረስ 75 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ይጠየቃል። ልጄ ብዙ ምርጫ ነበራት። ቤተ መጻሕፍት አለ፣ የአረጋውያን ማዕከል አለ። እሷ ግን የተጎዱ የዱር እንስሳት የሚታከሙበትን ቦታ መረጠች። ዕድሜዋ ስላልደረሰ አዋቂ አብሯት ይግባ ተባለ። እንግዲህ አዋቂዋ እኔ ሆንኩ። የሷ ሰዓት ከሞላ ቆየ። እኔ ግን ይኸው አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ።

ሥራዬ የወፍ ጫጩት ማብላት ነው። የሰማ ሁሉ «እንዴት ደስ ይላል!» ይለኛል። ደስታውን እንጃ፣ ፋታ ግን የለውም። ከሜይ እስከ ኦገስት ክፍሉ በጫጩት ይሞላል። ላባ ማብቀል የጀመሩት በየግማሽ ሰዓቱ ይበላሉ። ገና ራቁታቸውን ያሉት ደግሞ በየ15 እና በየ20 ደቂቃው። ጎህ ሲቀድ ይጀመራል፣ ሲመሽ ያበቃል። ሳጥኖቹን አዳርሼ የመጨረሻው ጋ ስደርስ የመጀመሪያው ታይመር ይጮሃል። ዱር ውስጥ ይህን ሁሉ የሚሠሩት ሁለት ወላጆች ናቸው። ያውም ትሉን ራሳቸው እያደኑ።

ሮቢን ስለሚባለው ወፍ ጫጩቶች ልንገራችሁ። ዓይናቸው ገና አልተገለጠም። ጎጆውን በጣቴ ነካ ሳደርገው ሁሉም በአንዴ አንገታቸውን ቀጥ አድርገው አፋቸውን ይከፍታሉ። ፊታቸው የት ገባ እስኪያሰኝ ድረስ የሚታየው ቢጫ አፍ ብቻ ነው። ምላሳቸው ሥር አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች። የአየር ቧንቧቸው በር ናት፣ ስትከፈትና ስትዘጋ በዓይን ትታያለች። ምግቡ እሷን አልፎ ወደ ኋላ መግባት አለበት። ውኃ በአፋቸው የማይንጠባጠብላቸው ለዚህ ነው። ሳንባቸው ከገባ አለቀ። ስለዚህ በስሪንጅ ወይም በወረንጦ፣ ትንሽ ትንሽ፣ ወደ ጉሮሮ ጠለቅ አድርጎ ነው።

ሲውጡ ደግሞ ዞር ብለው ቂጣቸውን ወደ ላይ ይሰቅላሉ። ኩሱ በስስ ነጭ ሽፋን ተጠቅልሎ ይወጣል፣ ምንም አያቆሽሽም። እናትየው በምንቃሯ ይዛ ትጥለዋለች፣ እኛ በወረንጦ። ስንት ዳይፐር የቀየርኩ ሰው ነኝ፣ ቀናሁ ብል አላፍርም።

ምግቡ የተዘፈዘፈ የድመት ምግብ ነው። ካልሲየም ይገባበታል፣ ትልም አለ። የሚገርመው ብዙዎቹን እዚህ ያመጣቸው ድመት ነው። በ2013 የወጣ ጥናት በአሜሪካ ድመቶች በዓመት ከ1.3 እስከ 4 ቢሊዮን ወፍ ይገድላሉ ብሎ ገምቷል። ጥርሷ ጫር ያደረገው ጫጩት እንኳ ቁስሉ ስለሚመረዝ አንቲባዮቲክ ይጀመርለታል።

መምጣት ያልነበረባቸውም አሉ። ላባ ለብሰው፣ ጭራቸው ገና አጭር ሆኖ፣ መሬት ላይ ዘለል ዘለል የሚሉት። ሰው ያያቸውና «እናቱ ጥላው ሄደች» ብሎ በካርቶን ይዟቸው ይመጣል። እናትየው ግን ዛፉ ላይ ሆና ሰውየው እስኪሄድ እየጠበቀች ነበር። የሰው እጅ የነካውን እናቱ አትቀበለውም የሚባለውም ወሬ ነው። ከቻላችሁ እዚያው መልሷቸው።

ለኔ የከበደኝ ግን ሰዓቱም ትሉም አይደለም። ዝምታው ነው። መጀመሪያ የተነገረን ደንብ አታውሯቸው፣ ስም አታውጡላቸው፣ አትደባብሷቸው የሚል ነው። እኔ ደግሞ «እሰይ የኔ ጌታ፣ ይቺን ብቻ» ሳልል አንድ ጉርሻ አጉርሼ አላውቅም። ልጄን ያሳደግኩት በምላስ ነው። ከንፈሬን ነክሼ ነው የምሠራው። ምክንያቱ ይገባኛል። ሰው የለመደ ወፍ ሲለቀቅ ሰው ፈልጎ ይመጣል፣ ውሻውም ድመቱም ያለው ሰው ጋ ነው።

ከዚያ አንድ ቀን ክዳኑን ስከፍት ጫጩቱ አፉን ይዘጋል። ወደ ጥግ ይሸሻል፣ ጭብጥ ብሎ በአንድ ዓይኑ ያየኛል። የክፍሉ ኃላፊ ይህን ስታይ ፊቷ ይበራል፤ ፈራ ማለት ጤነኛ ነው፣ ወደ ውጭው ትልቅ ወፍ ቤት ሊዛወር ነው። እኔ ግን ሆዴ ባባ። ያጎረስኩት ልጅ ይሽሸኝ? አሁን ለመድኩት መሰለኝ። ቢያንስ ፊቴ ላይ አይታይም።

ስታርሊንግ የሚባሉት ላይ ክርክር አለ። በ1890 አንድ ሰው 60 ያህሉን ከአውሮፓ አስመጥቶ ኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ለቀቃቸው፣ ዛሬ አገሩን ሞልተውታል። የአገሬውን የዱር ወፍ የሚጠብቀው የ1918ቱ ሕግ እነሱን አይመለከትም። አንዳንድ ማዕከል አይቀበላቸውም። የአገሬውን ወፍ ጎጆ እየቀሙ ነው የሚባለውም ሐሰት አይደለም። የኛ ማዕከል ይቀበላል። እኔም በዲቪ የመጣሁ ሰው ነኝ፣ ክርክሩ ውስጥ አልገባም፣ አጎርሳለሁ።

አባቴ የሸዋ ሮቢት ገበሬ ናቸው። ልጅነታቸው ያለፈው ማማ ላይ ቆመው ከማሽላው ግሪሳ ሲያባርሩ ነው። ይህን ሥራዬን በስልክ ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ሳቁ።

«እኛ ያባረርነውን አንቺ ታጎርሺ?»

«አይ አባዬ፣ እነዚህ ትል ነው የሚበሉት።»

«ትል ከሆነስ ደግ። ስንት ይከፍሉሻል?»

«በነፃ ነው።»

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ቀስ ብዬ አስረዳኋቸው። ዋናው ቁም ነገር አድገው ሰው እንዲፈሩ ነው፣ ሰው ካልፈሩ አይለቀቁም አልኳቸው።

«ሰው እንዲፈሩማ ከሆነ» አሉ፣ «ምን አደከመሽ? ወንጭፍ ልላክልሽ?»