ማስያዣ የማይጠይቅ ሳጥን

ልጅ ሆኜ መጽሐፍ የማነበው በኪራይ ነበር። አራት ኪሎ መንገድ ዳር ጋዜጣም ይከራያል፤ እዚያው ቆመሽ አንብበሽ ትመልሻለሽ። መጽሐፍ ቤት ለመውሰድ ግን ማስያዣ ግድ ነው። ወይ ብር ወይ መታወቂያ። እናቴ የተከራየሁትን በጋዜጣ ትለብድልኛለች። «እርሳስ እንዳይነካው!» ትላለች። የተጫረበት መጽሐፍ ማስያዣ ያስቀራል።

አሁን የምኖረው ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ ነው። ከቤታችን ሦስት ቤት አለፍ ብሎ፣ ጎረቤት ደጅ ላይ፣ እንጨት ላይ የቆመ ሳጥን አለ። ውስጡ መጽሐፍ ነው። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ቁልፉን ፈለግኩ። የለውም። በሩን የሚይዛት በጣት የምትዞር ቁራጭ እንጨት ብቻ ናት። የፈለግሽውን ትወስጃለሽ፣ ያለሽን ታስቀምጫለሽ። ስምሽን የሚመዘግብ ሰው የለም።

የነገሩ መነሻ ሩቅ አይደለም። የሴንት ክሮይ ወንዝን ስትሻገሪ ሃድሰን የምትባል የዊስኮንሲን ከተማ አለች፤ ከእኛ በመኪና ግማሽ ሰዓት አይሞላም። በፈረንጆች 2009 ቶድ ቦል የሚባል የዚያ ከተማ ሰው ከአሮጌ የጋራዥ በር እንጨት ትንሽ ሳጥን ሠራ። ቅርጿ ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት ነው። እናቱ አስተማሪ ነበሩ፤ መታሰቢያነቱ ለእሳቸው ነው። መጽሐፍ ሞልቶ ደጁ ላይ ተከላት። ጎረቤት ወደደው። ሪክ ብሩክስ ከሚባል ሰው ጋር ሆነው አስፋፉት። ባለጸጋው አንድሩ ካርኔጊ ካሠራቸው 2,509 ቤተ መጻሕፍት ቁጥር እንብለጥ አሉ፤ በ2012 በለጡ። ቦል በ2018 አረፈ። ሳጥኖቹ ዛሬ ከ100,000 በላይ ናቸው።

ለእናት መታሰቢያ መሆኑን የሰማሁ ቀን ሆዴ ባባ። የእኔም እናት ሙት ዓመት እየደረሰ ነበር። የዕለቱ ቀን ጠዋት፣ በረዶው ገና ሳይጠረግ፣ ከአዲስ አበባ ያመጣሁትን የልጆች ፊደል መጽሐፍ ይዤ ወጣሁ። የሳጥኑ በር በውርጭ ተጣብቆ ነበር። በትንፋሼ አሙቄ ከፈትኩትና ከእንግሊዝኛዎቹ መሀል ሰካሁት።

በሳምንቱ የለም። በሰፈራችን አማርኛ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። ማን ይሆን? ልጆች የያዘች እናት ባየሁ ቁጥር አተኩሬ አያለሁ።

በረዶው ቀልጦ ሲያበቃ ተመልሶ አገኘሁት። ጠርዙ ተጣጥፏል፣ አንዱ ገጽ ላይ የዘይት ጠብታ አለ። ገለጥኩት። ትንሽ እጅ በእርሳስ «ሀ»ን ደጋግማ ተከትላለች። «ለ» ትንሽ ተንጋዳለች። «ሐ» ላይ በርትታ ጫነችና ወረቀቱ ሊቀደድ ደርሷል። «መ»ን ጀምራ ትታዋለች።

ወደ ቤት ተመለስኩና አንድ እርሳስ ቀረጽኩ። መጽሐፉን ከእርሳሱ ጋር በክር አስሬ መልሼ አስቀመጥኩት።