ሐራራው ስምንት ሰዓት ላይ ይመጣል

ሰባት ዓመት ጫት ቅሜያለሁ። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ለፈተና ማጥኛ ብዬ ጀመርኩት። ፈተናው አለቀ፣ ተመረቅኩ፣ ሥራ ጠፍቶ ታክሲ መንዳት ጀመርኩ፣ ጫቱ ግን አብሮኝ ቀጠለ።

ለማቆም ያልሞከርኩት የለም። ምያለሁ። ለእናቴ ቃል ገብቻለሁ። አንዴማ የገዛሁትን በለጬ ጫት እንደታሰረ ገንዳ ውስጥ ወርውሬ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሌላ ገዝቼ ገባሁ። ከዚያ «እኔ ወኔ የሚባል አልፈጠረብኝም» ብዬ ራሴን መስደብ ነው።

የነቃሁት በሁዳዴ ነው። ጥሬ ሥጋ ነፍሴ ነው፣ ግን 55 ቀን ሙሉ ትዝም አይለኝ። ጥርሴን ነክሼም አይደለም። ቤት ሽሮ ነው የሚሠራው፣ ልኳንዳው ዘግቷል፣ ጓደኞቼም ይጾማሉ፣ ታዲያ ከምን ጋር ልታገል? ጫቱ ግን በየቀኑ መንገዴ ላይ ነው፤ ሻጩ በስሜ ይጠራኛል፣ ሲቸግረኝ ዱቤም አለ።

ዋልተር ሚሼል የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ፣ ስታንፎርድ ውስጥ ሕፃናት ፊት ጣፋጭ እያስቀመጠ «ከጠበቃችሁ ሁለት ታገኛላችሁ» ይላቸው ነበር። የጠበቀ ልጅ ሲያድግ ይሳካለታል የሚለው ወሬ በኋላ ሲፈተሽ ብዙም አልጸናም። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው፦ የቻሉት ልጆች ዓይናቸውን ይሸፍኑ፣ ይዘፍኑ ነበር። እኔ ሰባት ዓመት አፍጥጬ እያየሁት ነው የታገልኩት!

ስለዚህ መሐላውን ተውኩና ሰዓቱን ያዝኩ። ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል ሩቅ የሚሄድ ተሳፋሪ እፈልጋለሁ፤ ሰው ጭኜ በርጫ ቤት አልቀመጥ። የጫቷን ብር ደግሞ የዕቁብ ሰብሳቢያችን ከምሳ በፊት መጥታ ትወስዳታለች። የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ከባድ ነበሩ፣ ጫት ሲቀር የሚመጣው ቅዠት፣ ዱካክ፣ ተጫወተብኝ፣ ከገደል ስወድቅ ነው የማድረው። ቀን ቀን ማዛጋትና በትንሽ ነገር መቆጣት ነው፣ ይሄንን ለቤተሰብ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል፤ እኔ ሳልነግር ብዙ ሰው አስቀየምኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ጓደኛዬ ቤት ኳስ ልናይ ተሰበሰብን። እነሱ ይቅማሉ፣ እኔ ኦቾሎኒ ብቻ፣ ኩራቴ ለጉድ ነው። እረፍት ሳይወጡ እነሱ የጣሉትን ገራባ እየለቀምኩ ነበር።

አሁን ካቆምኩ 14 ወር ሆኖኛል። ከምሳ በኋላ አሁንም ያዛጋኛል። ተሳፋሪ በዚያ ሻጭ ሰፈር የሚያሳልፍ ቦታ ከጠራኝ ዞሬ ነው የማደርሰው፣ ትርፉን ነዳጅ ከኪሴ ችዬ።