ሐረር ላይ ከቀዶ ሕክምና የወጣ ታካሚ ትንፋሽ ውስጥ የቀረውን የሰመመን ጋዝ የምለካበት መንገድ

አይሶፍሉሬን የተባለውን የሰመመን ጋዝ ወስዶ ሪከቨሪ (ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚነቁበት ክፍል) የገባ ታካሚ ትንፋሽ ውስጥ ስንት እንደቀረ ስለካ፣ ከጋዙ ቁጥር በፊት በመለኪያ ማሽኑ ስክሪን ላይ የካርቦን ዳይኦክሳይዱን ሞገድ አያለሁ። ሞገዱ ወጥቶ ጠፍጣፋ ካልሆነ ማሽኑ የሚስበው ከክፍሉ አየር ጋር የተቀላቀለ ትንፋሽ ስለሆነ ቁጥሩን አልመዘግበውም።

ናዛል ካኑላ (ኦክስጅን በአፍንጫ የሚሰጥበት ቱቦ) ላይ ይህ ዘወትር ያጋጥማል፤ የሚሰጠው ኦክስጅን ናሙናውን ያቀጥነዋል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በወረደበት ልክ ጋዙን አባዝተው የሚያስተካክሉ አሉ። ትክክለኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በደም ምርመራ ሳይታወቅ ይህ ግምት ነው። ታካሚው ነቅቶ ካላቅለሸለሸው በጎኑ የናሙና ቀዳዳ ያለው የአፍ ቱቦ ይሻላል፦ «አባባ፣ ቀስ አድርገው እስከ መጨረሻው ያውጡት።» የሚመዘገበው የትንፋሹ መጨረሻ ላይ ያለው ንባብ ነው።

ማሽኑን ዜሮ የማደርገው፣ ማለትም የንባቡን መነሻ የማስይዘው፣ ንጹሕ አየር ባለበት መስኮት አጠገብ፣ ማሽኑ በደንብ ከሞቀ በኋላ ነው። ታካሚዎች ያወጡት ጋዝ በታጨቀበት ክፍል ዜሮ ከተደረገ ከዚያ በኋላ ያለው ንባብ ሁሉ ያንሳል። በ3.3 ማይክሮሜትር አካባቢ የሚለኩ የቆዩ ማሽኖች የእጅ አልኮል ትነትንም ሰመመን ብለው ይቆጥራሉ። ሞገዱ ጥግ አጥቶ ከተድበለበለ ዋተር ትራፑን (የውሃ ማጠራቀሚያውን) እና ናሙና የሚስበውን ቀጭን ቱቦ እዩ፤ ጠብታ የያዘ ቱቦ ይቀየራል እንጂ አይነፋም።

እዚህ ብዙ ሰው የሚዘነጋው የአየር ግፊቱን ነው። በኢንፍራሬድ ብርሃን የሚሠራው ማሽን የሚለካው የጋዙን ከፊል ግፊት (ጋዙ ብቻውን ያለውን የግፊት ድርሻ) ነው፤ ፐርሰንቱ የሚመጣው በስሌት ነው። ሐረር ከባሕር ወለል 1,850 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ግፊቷ 610 ሚሊሜትር ሜርኩሪ አካባቢ ነው። ማሽኑ በባሕር ወለሉ ግፊት 760 ላይ ተተክሎ ከቀረ 0.25 ፐርሰንቱን 0.2 ብሎ ያነብባል። ድሬዳዋ ዝቅ ስለምትል ስሕተቱ ያንሳል፣ አይጠፋም ግን። የአየር ትንበያ የሚነግረውን ግፊት አትጠቀሙ፤ ወደ ባሕር ወለል የተቀየረ ነው። እኔ በሚሊሜትር ሜርኩሪ መመዝገብን እመርጣለሁ፤ አንጎል ላይ የሚሠራውም ከፊል ግፊቱ ነው።

ከጎኑ የጋዙ ስም፣ ቬፖራይዘሩ (ሰመመኑን አትንኖ የሚሰጠው ዕቃ) ከተዘጋ ያለፈው ደቂቃና የኦክስጅኑ ፍሰት ይጻፍ። ሃሎቴን ደም ውስጥ የመሟሟት መጠኑ 2.4 ገደማ፣ የአይሶፍሉሬን 1.4፣ የሴቮፍሉሬን 0.65 ነው፤ ቁጥሩ ትልቅ የሆነው ጋዝ ከደም ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ስለዚህ የተለያየ ጋዝ ወስደው በተመሳሳይ ደቂቃ ላይ የተለኩ ሁለት ታካሚዎች እኩል አይወዳደሩም።

የቀዶ ሕክምና ክፍል ሞኒተር ከ0.1 ፐርሰንት በታች ሲሆን ዜሮ ወይም ሰረዝ ያሳያል። 0.1 ፐርሰንት ግን 1,000 ፒፒኤም (ከሚሊዮን አንድ ሺህ እጅ) ነው፤ የአሜሪካው የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ኒዮሽ እንደ ሃሎቴን ላሉ የሰመመን ጋዞች ለሠራተኛ የመከረው ጣሪያ ደግሞ 2 ፒፒኤም። ሞኒተሩ ዜሮ አለ ተብሎ የሪከቨሪው መስኮት አይዘጋም።